ሬጌ ውስጥ የእኛ የሆነውና ያልሆነው፦ ከናያቢንጊ ከበሮ እስከ ዳንስሆል

ዘካርያስ_ቤዝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሬጌ በተነሣ ቁጥር "ይሄ'ኮ የእኛ ሙዚቃ ነው" የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የጃማይካን ሕዝብ ልፋት መቀማት ነው። ስለዚህ ሁለቱን እንለይ፦ ከኢትዮጵያ የሄደው ምንድን ነው? እዚያው ጃማይካ፣ ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ላይ የተፈጠረውስ? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ከእኛ የሄደው በዋናነት ቃልና ምልክት ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ሲነግሡ፣ በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ የጃማይካ ድሆች ዘውድ የደፋ ጥቁር ንጉሥ አዩ። እምነቱ ከዚያ ተነሥቶ በቀድሞ ስማቸው "ራስ ተፈሪ" ተባለ። ኦክቶበር 4፣ 1963 ጃንሆይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአማርኛ ተናገሩ። ከዚያ ንግግር አንዱ ክፍል በእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ1976 ቦብ ማርሌይ "ዋር" ብሎ ያወጣው ዘፈን ግጥም ሆነ። የዲፕሎማት ንግግር እንዴት ዘፈን ሊሆን ቻለ ብትሉ፣ አወቃቀሩን ተመልከቱ። "ይህ እስካልሆነ ድረስ፣ ያ እስካልቀረ ድረስ" እያለ ይደራርብና ማሰሪያውን ያዘገየዋል። ቤዙም ያንኑ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይጠብቃል። ሰሚው ማሰሪያው እስኪመጣ ትንፋሹን ይይዛል።

ምቱ ግን የእኛ አይደለም። ሜንቶ ከተባለው የጃማይካ ባህላዊ ሙዚቃና ከአሜሪካ ሪትም ኤንድ ብሉዝ መጀመሪያ ስካ ወጣ። በ1966 አካባቢ ቀዝቀዝ ብሎ ሮክስቴዲ ሆነ። በ1968 ሬጌ ተባለ፤ ስሙም በዚያው ዓመት በቱትስና በሜይታልስ ዘፈን ርእስ ላይ ታየ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኢትዮጵያ ዜማም ሆነ መሣሪያ የለም።

ሐረገወይን

ወንድም ዘካርያስ፣ በቃሉ በኩል ልጨምር። አማርኛ ሬጌ ውስጥ የገባው ከነሰዋስው ስሕተቱ ነው፤ ስሕተቱ ራሱ ደግሞ ብዙ ይናገራል። አቢሲኒያንስ የተባሉት ሦስት ድምፃውያን በ1969 ስቱዲዮ ዋን ገብተው "ሳታ ማሳጋና"ን ቀዱ። "ምስጋና ስጡ" ለማለት ነው የታሰበው። ለእኛ ጆሮ ግን "ሰጠ፣ አመሰገነ" ነው፤ እሱ ሰጠ፣ እሱ አመሰገነ። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ግሥ የሚቀመጠው በሩቅ ወንድ በኀላፊ ጊዜ ስለሆነ፣ ቃል በቃል የሚለቅም ሰው እጅ የሚገባው ይኸው ቅርፅ ነው። ትእዛዙ "ስጡ፣ አመስግኑ" ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ጆሮ ለሰጠ "ሁልጊዜ" የሚለው ቃልም በጃማይካ አነጋገር ተለውጦ ይሰማል።

እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፦ የአያቶቻቸው ቋንቋ በባርነት መርከብ ላይ የቀረባቸው ሰዎች፣ ማንም ሳያስገድዳቸው የእኛን ፊደልና ቃል በኪንግስተን ተቀምጠው አጠኑ። ስሕተት ቢኖርበትም ክብር ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ላርም። ራስ ተፈሪያውያን አምላክን "ጃህ" ይሉታል፤ "ጃህ ከጃንሆይ የመጣ ነው" የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ከእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መዝሙር 68 ቁጥር 4 ነው። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 67 ነው። "ሃሌ ሉያ" መጨረሻ ላይ ያለው "ያህ" ማለት ነው። በአንጻሩ ከእኛ ማዕረግ በቀጥታ የወጣው "አይ" የሚለው ነው። "ቀዳማዊ" በሮማውያን ቁጥር ሲጻፍ፣ እንግሊዝኛው "እኔ" ከሚልበት ፊደል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ "ሰላሴ አይ" ብለው አነበቡት። "አይ ኤንድ አይ"ም ለ"እኛ" ማለት ሆነ፤ አንተም እኔም ውስጥ ያው አምላክ አለ ነው ሐሳቡ።

ከበሮ_ምት

ናያቢንጊን (የራስ ተፈሪያውያንን የአምልኮ ከበሮ) ከእኛ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ዝምድናው የስሜት እንጂ የዘር አይደለም። የናያቢንጊ ምት የመጣው ከቡሩና ከኩሚና ነው፤ ሁለቱም ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ጃማይካ ውስጥ ያቆዩአቸው የከበሮ ባህሎች ናቸው። ስሙም ከኡጋንዳና ከሩዋንዳ አካባቢ እንጂ ከእኛ አይደለም።

ከበሮዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ ቤዝ ይባላል፤ ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ይመታል። ፈንዴ መካከለኛው ነው፤ በእጅ "ዱብ-ዱብ" ብሎ ያርፋል፣ እንደገና "ዱብ-ዱብ"፣ ልክ እንደ ልብ ትርታ። ሪፒተር (ኬቴም ይሉታል) ትንሹና ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ነው፤ በላይ ላይ እንደ ልቡ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ጀማሪዎች የሚያበላሹት ሁሌም ፈንዴውን ነው፤ ሲሰለቻቸው ማስጌጥ ይጀምራሉ፣ ያኔ ሪፒተሩ የሚቆምበት መሬት ያጣል። ፈንዴ የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓትም ቢሆን አንዲት ምት መጨመር የለበትም።

ይህ ከበሮ ሸክላ ላይ ጎልቶ የወጣው በ1960 ፕሪንስ በስተር ባዘጋጀው "ኦ ካሮላይና" ነው፤ የመቱት ካውንት ኦሲና ጓደኞቹ ናቸው። ራስ ተፈሪያውያን በፖሊስ በሚሳደዱበት ዘመን ከበሯቸውን ስቱዲዮ ማስገባት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያናችን በእርግጥ ጃማይካ የደረሰችው ከዚያ በኋላ፣ በ1970 ነው። የላኩትም ጃንሆይ ናቸው። በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ናቸው ያቋቋሟት፤ ቦብ ማርሌይንም በኖቬምበር 1980 ኒው ዮርክ ላይ "ብርሃነ ሥላሴ" ብለው አጥምቀውታል። በሜይ 1981 ሥርዓተ ቀብሩ ኪንግስተን ላይ የተፈጸመው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጸሎት ነው።

ሚኪ_ሐዋሳ

ወንድሞቼ እናመሰግናለን። ወደ ተግባሩ ስንመጣ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ዋን ድሮፕ (ዋናው የሬጌ ድራም ምት) ላይ ኪኩ፣ ማለትም በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ "በ3ኛው ምት ይወድቃል" የሚል አለ፣ "በ2 እና በ4" የሚል አለ። የቱ ነው ትክክል? ችክችካንስ ከሬጌ ጋር ማጋባት ይቻላል?

ዘካርያስ_ቤዝ

@ሚኪ ሁለቱም ትክክል ነው፤ የሚለያዩት በአቆጣጠር ነው። ድራም ማሽኑን በደቂቃ 72 ምት ላይ ካደረግከው ኪኩ በ2 እና በ4 ላይ ይወድቃል፣ ጊታሩም በምቶቹ መካከል ይቆርጣል። እጥፉን 144 ካደረግከው ኪኩ በ3 ላይ፣ ጊታሩ በ2 እና በ4 ላይ ይሆናል። ድምፁ አንድ ነው። ባንድ ውስጥ ጠብ የሚነሣው አንዱ በ72 ሌላው በ144 እየቆጠሩ ሲነጋገሩ ነው። ልምምድ ሳይጀመር በየትኛው እንደምትቆጥሩ ተስማሙ።

በ144 ልቁጠርልህ። በ1 ላይ ድራመሩ ኪክ አይመታም፤ ሀይ-ሃት ብቻ ነው። "ዋን ድሮፕ" የተባለውም አንዱ ስለተጣለ ነው። በ3 ላይ ኪክና የስኔሩ ጠርዝ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ይህን የዓለም ቋንቋ ያደረገው የዌይለርስ (የቦብ ማርሌይ ባንድ) ድራመር ካርልተን ባሬት ነው። ኪኩን በአራቱም ላይ ካስቀመጥከው ስቴፐርስ ይሆናል፤ ለሰልፍ፣ ለቁጣ ግጥም የሚሆነው እሱ ነው።

ጊታሩ አጭር ይቁረጥ፤ ግራ እጅ ገመዱን ወዲያው ይልቀቅ። ድምፁ ከተንጠለጠለ ኦርጋኑ የሚገባበት ቦታ ይዘጋል። ቤዙ በተቃራኒው ይረዝማል፣ ዝምታውም የዜማው ክፍል ነው። እኛ ሀገር ባንዶች ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ችግር ቤዙ ክፍተት መፍራቱ ነው፤ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ይሞላዋል፣ ሬጌው ወደ ፖፕ ይሄዳል።

ችክችካ 6/8 ነው። ሁለት የችክችካ መስመር (ባር) ብታጣምር 12 ንዑስ ምት ይሆናል፤ ያ ደግሞ በሦስት የተከፈለ አንድ የሬጌ መስመር ነው። ከ12ቱ 7ኛው ላይ ኪኩ ይወድቃል፤ ማለትም የሁለተኛው ችክችካ መነሻ ላይ። 4ኛውና 10ኛው ላይ ጊታሩ ይቆርጣል። ሀይ-ሃቱን በሦስት በሦስት እንዲወዛወዝ ካላደረግከው ግን ሁለቱ ይጋጫሉ። ኃይሌ ሩትስ "ቺጌ" ያለው ይህንኑ ጋብቻ ነው፤ ችክችካና ሬጌ በአንድ ቃል።

ስለ ቅኝት ደግሞ ከጠየቅከኝ፣ በላ ማይነር ላይ እናድርገው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ላ ማይነርና ሶል ሜጀር ይመታል። ትዝታ ማይነር (ላ-ሲ-ዶ-ሚ-ፋ) ውስጥ ግን ሶልም ሬም የለም፤ ዘፋኙ ባለበት ኮርዱ ይሸሸዋል። ላ ማይነርና ፋ ሜጀር ምታ፣ ሁለቱም ሙሉ ለሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ናቸው። ባቲ ማይነር (ላ-ዶ-ሬ-ሚ-ሶል) ከሆነ ሶል ያስኬድሃል፤ ለሩትስ ሬጌ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። አምባሰል ላይ መነሻው ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ የለውም፤ ላና ሚን ብቻ ይዘህ ተወው፣ ኪቦርዲስቱ ዶ እንዳይጨምርበት ንገረው።

ዜማ_መሐንዲስ

ስለ ምቱ ጥሩ ተብሏል፤ እኔ ምቱ ስለሚሰማበት ሣጥን ላንሣ። ሬጌን ሬጌ ያደረገው ሳውንድ ሲስተም ነው። በ1950ዎቹ የኪንግስተን ድሃ ባንድ የሚጫወትበት ክለብ መግቢያ አልነበረውም፤ ሬዲዮውም ለእሱ አልተሠራም። ዱክ ሪድና ኮክሰን ዶድ የመሳሰሉት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ እየገጠሙ ደጅ ላይ ያጫውቱ ነበር። ብርቅ የአሜሪካ ሸክላ ያገኘ ሰው፣ ተፎካካሪው ርእሱን እንዳያይ መለያውን ይፍቀው ነበር። የአሜሪካ ሙዚቃ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ሲያዞር የሚፈልጉት ዓይነት ሸክላ ጠፋ፤ ያኔ ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ። ስቱዲዮው የመንገዱ ልጅ ነው። ሬጌ ላይ ቤዝ እንደዚህ የገዘፈው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሙዚቃው ከመጀመሪያው የተሠራው ደጅ ላይ፣ ደረት ለሚያንቀጠቅጥ ሣጥን ነው።

ሥራ አከፋፈሉን ማወቅ ይጠቅማል። ሸክላ የሚመርጠው ሰሌክተር ነው። "ዲጄይ" የሚባለው ማይክ ይዞ የሚናገረው ነው፣ እኛ ዲጄ ከምንለው ጋር አትቀላቅሉት። ዳብፕሌት በአሉሚኒየም ላይ በተቀባ ላከር የሚቆረጥ፣ ለዚያ ሳውንድ ብቻ የተዘጋጀ ቅጂ ነው፤ መርፌ ባረፈበት ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። ሁለት ሳውንዶች ሲጋጠሙ (ክላሽ) ሕዝቡ በጩኸት ይፈርዳል። ሕዝቡ ከወደደ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይመለሳል። ተራ ሰው ፕሮዲዩሰሩን ፊት ለፊት የሚዳኝበት መድረክ ነበር፤ ለእኔ የሬጌ ትልቁ ማኅበራዊ ነገር ይህ ነው።

አዲስ አበባም ሐዋሳም የሳውንድ ምሽት ለምታዘጋጁ፦

ቤዝ ሣጥኖችን (ባለ 18 ኢንች) ግራና ቀኝ አትበትኗቸው፤ አንድ ላይ ቆልሏቸው። የ50 ኸርዝ ሞገድ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሁለት ክምር ሲራራቁ ሞገዱ አንዱ ቦታ ይደመራል፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይጠፋፋል። "መሀል ላይ ቤዝ አለ፣ ዳር ላይ የለም" የሚባለው ከዚህ ነው። ቤዙን ከመካከለኛው ድምፅ በ100 ኸርዝ አካባቢ ለዩት። የአንዱ ሣጥን ገመድ ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ደግሞ ብዙ ሣጥን ተደርድሮ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሰው ወዲያው አምፕሊፋየሩን ይጨምራል፣ አምፕሊፋየሩ ይቆራርጣል፣ የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ከመጨመራችሁ በፊት ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ ስሙ። ሁለተኛው ሲበራ ቤዙ ከቀነሰ ገመዱን ገልብጡት።

ሐረገወይን

@ዜማ_መሐንዲስ ካነሣኸው ላይ ዳንስሆል ይቀጥላል፤ ስሙ ራሱ የመጣው ሳውንዱ ከሚቆምበት አዳራሽ ነው። ዳንስሆልን "የተበላሸ ሬጌ" የሚሉ አሉ፣ ስሕተት ነው። ዩ-ሮይ በ1970 በቆየ የሮክስቴዲ ሙዚቃ ላይ እየተናገረ የቀዳቸው ሸክላዎች የጃማይካን ሰንጠረዥ ሲቆጣጠሩ ዘሩ ተዘርቷል። የዘፋኙ ድምፅ የተወገደበት የሸክላ ጀርባ "ቨርዥን" ይባላል፤ ማንም ማይክ የደፈረ ይናገርበታል። ሙዚቃው "ሪዲም" ነው፤ አንዱ ሪዲም ላይ ሃምሳ ሰው ሊዘፍን ይችላል። ባንድ መቅጠር ለማይችል የሰፈር ልጅ በር የከፈተው ይህ ነው።

በ1985 ደግሞ ባንዱ ራሱ ቀረ። ዌይን ስሚዝና ኖኤል ዴቪ ካሲዮ ኤምቲ-40 በተባለ ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የ"ሮክ" ምት አገኙ። ምቱን የሠራችው ሂሮኮ ኦኩዳ የምትባል ወጣት የካሲዮ ሠራተኛ ነበረች። አዘጋጁ ኪንግ ጃሚ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ፒያኖና ጭብጨባ ጨመረ፤ "ስሌንግ ቴንግ" ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ስቱዲዮ ድራመርና ቤዚስት መጥራት አቆመ። ለብዙ ነባር ሙዚቀኞች ከባድ ጊዜ ነበር፤ ለአዲሶቹ ደግሞ ርካሽ በር።

ጉዳቱንም እንናገር። ሪዲም የማን ነው የሚለው ለብዙ ዘመን በወረቀት አልሰፈረም፤ ጃማይካ ዘመናዊ የቅጂ መብት ሕግ ያወጣችው በ1993 ነው። ሲስተር ናንሲ "ባም ባም"ን በ1982 በስታላግ ሪዲም ላይ ቀዳች፤ ዓለም ሁሉ ሲጨፍርበት እሷ ለአሥርተ ዓመታት ሮያሊቲ አላገኘችም። የግጥሙ ነገርም አለ፦ ጠመንጃ ማሞገስ፣ ሴትን ማዋረድ፣ ግብረ ሰዶማውያን እንዲገደሉ መቀስቀስ። ይህን የምቃወመው ሙዚቃውን ስለምወድ ነው፤ ጃማይካ ውስጥም ዘፋኞቹ ራሳቸው በግልጽ ይከራከሩበታል። መንግሥት በበኩሉ በ1997 የድምፅ ሕግ አውጥቶ የደጅ ጭፈራን ከሰኞ እስከ ሐሙስ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ወሰነ። ሕጉ ድንኳን ሙሉ ሰው ብቻ አይደለም የሚበትነው፤ በዚያ ምሽት ዶሮ ጠብሳ፣ ቢራና ኦቾሎኒ ሸጣ የምታድረውንም ነው።

ሚኪ_ሐዋሳ

እህት ሐረገወይን፣ የአማርኛ ዳንስሆል ላይ ግጥሙ ለምን እንደሚደበዝዝ ብትነግሪን። ምቱ ልክ ሆኖ ቃሉ አይሰማም።

ሐረገወይን

@ሚኪ መጀመሪያ ምቱን በቁጥር እናስቀምጠው፤ ከዚያ ቃሉ የት እንደሚጠፋ ይታያል። በደቂቃ ከ90 እስከ 105 ነው የሚሄደው። ግማሹን መስመር ስምንት ላይ ክፈለው፤ ኪኩ በ1 እና በ5፣ ስኔሩ በ4 እና በ7። ጆሮህ የሚይዘው 1-4-7 ነው፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። (የጃማይካ አዘጋጆቹ ስቲሊና ክሊቪ በ1989 የሠሩት "ፊሽ ማርኬት" ላይ ያለው ይህ ምት ነው በላቲን አሜሪካ ሬጌቶን የሆነው። መንገዱ በፓናማ በኩል ነው፤ እዚያ የካናሉን ሥራ ፍለጋ የሄዱ የጃማይካውያን የልጅ ልጆች በስፓኒሽ ዘፈኑበት።)

ፓትዋ የተባለው የጃማይካ አነጋገር የሚረግጠው ቃል ክፍል ላይ ነው፣ ረገጣው 4 እና 7 ላይ ሲያርፍ ያምራል። አማርኛ ግን የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። "አለ" ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ይገኛል ነው። "ዋና" ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ዋነኛ ነው። "ገና" ላልቶ አልደረሰም ነው፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይበላል፤ ሁሉንም ፊደል በእኩል ፍጥነት ካፈሰስከው ማጥበቁ ይጠፋል፣ ሰሚውም ትርጉሙን ሲያጣራ መስመሩ ያመልጠዋል። መፍትሔው ግጥሙን ስትጽፍ የሚጠብቁትን ፊደሎች ማስመር ነው። እነሱን ከ3 ወደ 4፣ ከ6 ወደ 7 የሚሻገሩ አድርገህ አስቀምጣቸው፤ ስኔሩ ሲመታ ፊደሉ ይፈነዳል። አንድ መስመር ላይ ከሦስት በላይ የሚጠብቅ ቃል አታጭቅ። እዮብ መኮንን ላይ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ የሚሰማው ለማጥበቁ ጊዜ ስለሚሰጠው ነው፤ ዘገምተኛ ሬጌ ላይ ቢሆንም ስሙትና ተማሩበት።

ዜማ_መሐንዲስ

በዚያው የዳብ ቨርዥን (ድምፆች እየተቀነሱና እየተስተጋቡ የሚሠራ ቅጂ) ለምትሞክሩ፦ ዲሌዩን (የማስተጋባቱን ጊዜ) በጆሮ ከመፈለግ አስሉት። 60,000ን ለፍጥነቱ አካፍሉ። በ72 ላይ አንድ ምት 833 ሚሊሰከንድ ነው፣ ግማሹ 417፣ ሦስት ሩቡ 625። 625ቱ ከጊታሩ ጋር ስለማይደራረብ ጥሩ ይቀመጣል። ማስተጋባቱ የሚመለስበትን መጠን ከፍ ስታደርጉ እጃችሁን ከመቆጣጠሪያው ላይ አታንሡ፣ ራሱን እየመገበ ይጮኻል። የዳብ መሐንዲሱ ኪንግ ተቢ በአራት ትራክ ብቻ ያን ሁሉ የሠራው ድምፅ በመጨመር አልነበረም። ቤዝና ድራም ትቶ ሌላውን እያወጣ፣ አንዲት ቃል ብቻ እየለቀቀ ነው።

ከበሮ_ምት

ዘካርያስ ከኢትዮጵያ የሄደውን ጠይቆ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣውንም እንጨምር። ሻሸመኔ ላይ ጃንሆይ 5 ጋሻ (200 ሄክታር) መሬት በ1948 በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል የሰጡት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቆሙልን የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች ነው። ፌዴሬሽኑን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋሙት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ጃማይካውያኑ በብዛት የመጡት ጃንሆይ በኤፕሪል 21፣ 1966 (ሚያዝያ 13፣ 1958) ኪንግስተንን ከጎበኙ ወዲህ ነው። በዚያ ቀን ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑ ሥር ደረሰ፤ ንጉሡ የወረዱት ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያውያን መሪ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው። ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

በ1975 የመሬት አዋጅ ሲወጣ አብዛኛው ይዞታቸው ተወሰደ። ብዙዎቹ ግን አልሄዱም፣ ልጆቻቸው ሻሸመኔ ተወልደው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ፤ ዜግነት ግን አልነበራቸውም፣ መታወቂያም እንዲሁ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያሳወቀው በ2017 ነው። ዩኔስኮ ሬጌን በኖቬምበር 2018 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ እዚህ ብዙ ደስታ ነበር፤ ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ላሉት ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው ወረቀት ነው ባንክ ደብተር ለመክፈትና ልጅ ለማስመዝገብ የሚጠቅማቸው።

ሚኪ_ሐዋሳ

@ዘካርያስ በላ ማይነርና በፋ ሜጀር ሞከርነው፣ ትዝታው ተቀመጠ። ኦርጋኑ ግን ከጊታሩ ጋር ይጋጫል።

ዘካርያስ_ቤዝ

ኦርጋኑ በ2 እና በ4 ላይ ከጊታሩ ጋር ብቻ እየመታ ከሆነ ነው። ግራ እጁ ከጊታሩ በፊትና በኋላ ባሉት ንዑስ ምቶች ላይ ይግባ፣ ቀኝ እጁ ከጊታሩ ጋር ይቁረጥ፤ "ባብል" የሚሉት ይህ ነው። ግራውን ከመካከለኛው ዶ በታች ያድርግ፣ ድምፁንም ቀንሱ፤ ሲቆም ብቻ እንደነበረ የሚታወቅ ያህል ይሁን። ሀይ-ሃቱ በሦስት እየተወዛወዘ ኦርጋኑ በሁለት ቀጥ ብሎ ከሄደም ይጋጫሉ፣ እሱንም አስተካክሉ።